አንገቴን ሳላቆስል መላጨትን እንዴት ተማርኩ

ለዓመታት የነጭ ሸሚዞቼ ኮሌታ ከውስጥ በኩል ትናንሽ የደም ነጠብጣብ አያጣውም ነበር። ጠዋት ተላጭቼ ስጨርስ ፊቴ በመስታወት ውስጥ ንጹሕና ልስልስ ብሎ ይታየኛል፤ ከሰዓት በኋላ ግን አንገቴ መለብለብ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከመንጋጋዬ ሥር እስከ ማንቁርቴ ድረስ ጠጠር የመሰሉ እብጠቶች ተሰልፈው ይወጣሉ። እነዚህን እብጠቶች የቆሻሻ ወይም የመጥፎ ሳሙና ውጤት አድርጌ ስለምቆጥራቸው በማግስቱ ምላጩን ይበልጥ ተጭኜ፣ ይበልጥ አስጠግቼ እላጭ ነበር። ችግሩን የማባብሰው እኔው ራሴ መሆኔን ለመረዳት ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የተገለጠልኝ በሌላ ጉዳይ ላማክራት የሄድኩባት የቆዳ ሐኪም አገጬን ቀና እንዳደርግ ጠይቃ አንገቴን በማጉያ መነጽር ባየችበት ዕለት ነው። በቀጭን መርፌ ጫፍ አንዱን እብጠት ነካ አደረገችና ከቆዳው ሥር እንደ ቀለበት የተጠቀለለ አንድ ጸጉር ቀስ ብላ ስባ አወጣች፤ ከዚያም መስታወት ሰጥታ አሳየችኝ። ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ይህ ጸጉር ከበቀለበት ቀዳዳ ከወጣ በኋላ ታጥፎ የገዛ ቆዳዬን ወግቶ ተመልሶ ገብቷል። «ጥፋቱ የጸጉርህ አይደለም፤ ከልክ በላይ አስጠግተህ እየተላጨህ ነው» አለችኝ። ሐኪሞች ስዩዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ የሚሉት ይህ ሕመም ጥቅልል ጸጉር ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ጸጉሩ ቆዳን የሚወጋበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው እኔ በመስታወት ያየሁት ነው። ሁለተኛው ግን ከቆዳ በላይ ጨርሶ አይታይም፤ ቆዳው ተወጥሮ ወይም ጸጉሩ ወደ ላይ ተስቦ ሲቆረጥ፣ የቀረው ጉቶ ከቆዳው ገጽ በታች ይሸሽና ማደግ ሲጀምር ሹል ጫፉ የራሱን መውጫ ግድግዳ ከውስጥ ይወጋል።

ይህን ስሰማ የምኮራበት መላጫዬ ትዝ አለኝ። አምስት ስለት ነበረው። ብዙ ስለት ያላቸው መላጫዎች የፊተኛው ስለት ጸጉሩን እየጎተተ ሲያወጣው ተከታዩ ገና ሳይመለስ እንዲቆርጠው ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ለስላሳ ጉንጭ የሚሰጡበት ምክንያትና አንገቴን ያቆሰሉበት ምክንያት አንድ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ በግራ እጄ ቆዳዬን ወጥሬ፣ ከታች ወደ ላይ ሦስት አራት ጊዜ እመላለስበት ነበር።

ሐኪሟ የሰጠችኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ለአራት ሳምንት ምላጭ እንዳልነካና ጢሜን በጸጉር መቁረጫ ማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያስቀረሁ እንዳሳጥር ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው፤ ተላጭቶ መታየት የለመደ ሰው ለአንድ ወር ያልታጠበ መስሎ ሲዞር ሰው ሁሉ አንገቱን የሚያየው ይመስለዋል። ሆኖም እብጠቶቹ በሦስተኛው ሳምንት መክሰም ጀመሩ። የተዉት ጥቁር ጠባሳ ግን ለመጥፋት ብዙ ወራት ወስዷል። (ጢም በተላጨ ቁጥር ይወፍራል የሚለውን አባባል ፈርታችሁ ማሽን ከመጠቀም የምታመነቱ ካላችሁ፣ ሚልድረድ ትሮተር የተባለችው ተመራማሪ መላጨት የጸጉርን ውፍረትም ሆነ እድገት እንደማይለውጥ እ.ኤ.አ. በ1928 አሳይታለች። ወፍሮ የሚሰማን የተቆረጠው ጫፍ ደንዳና ስለሆነ ብቻ ነው።)

ያ ወር ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ጢሜ በየት በኩል እንደሚበቅል ነው። ጢሙ የሦስት ቀን ያህል ሲሆን በጣቴ ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ደባበስኩት፤ ጣት ሳይከረከር የሚንሸራተትበት አቅጣጫ ጸጉሩ የሚተኛበት ነው፤ የሚከረክርበት ደግሞ ተቃራኒው ነው። በጉንጬና በአገጬ ላይ ሁሉም ወደ ታች ይተኛል፤ ይህን ገምቼው ነበር። አንገቴ ላይ ስደርስ ግን ግምቴ ሁሉ ፈረሰ። በቀኝ በኩል ጸጉሩ ከታች ወደ ላይ ያድጋል፤ በግራ በኩል ወደ ጆሮዬ አግድም ይተኛል፤ ከግራ መንጋጋዬ ሥር ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ እንደ ጭንቅላት አናት አዙሪት ሠርቶ ይዞራል። እብጠቶቼ የሚበዙት በግራ በኩል የነበረውም ለዚህ ነው። የፊቴን ቅርጽ በወረቀት ላይ ስዬ በቀስት ምልክት ሞላሁትና ከመስታወቱ ጎን ለጠፍኩት። የቤት ሰዎች ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ዛሬም ከየትኛውም የመላጫ ዕቃ ያችን ወረቀት አስበልጣለሁ።

ወደ ምላጭ የተመለስኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያስተካከልኩትም ውሃውን ነበር። ደረቅ ጢም ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚጠይቀው ኃይልም በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ እንዲሆን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ፊትን ሁለቴ ረጨት አድርጎ አረፋ መቀባት፣ እኔ ለዓመታት እንዳደረግኩት፣ ምንም አይጠቅምም። አሁን የምላጨው ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ ነው፤ ጊዜ ካጠረኝም በለብታ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ፊቴ ላይ አቆያለሁ። ውሃው ሊያቃጥል አይገባውም፤ የፈላ ውሃ ቆዳን ያደርቃል። አረፋውንም በተመለከተ ስህተት ነበረብኝ፤ እንደ ጥጥ የተቆለለ አረፋ ጥሩ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለው አረፋ ግን በአብዛኛው አየር ነው። የሚሠራው አረፋ ረጠብ ያለ፣ የሚያብለጨልጭና በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ የሚያሟልጭ ነው። እሱንም በብሩሽ እያዞርኩ ከቀባሁ በኋላ አንድ ደቂቃ እተወዋለሁ።

መላጫዬን ባለ አንድ ምላጭ በሆነው በአሮጌው ዓይነት ቀየርኩት፤ ይኸውም ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ስስ ምላጭ የሚገባበት መላጫ ነው። ያረጀ ነገር ሁሉ ይሻላል የሚል እምነት የለኝም፤ የፈለግኩት በአንድ ምት ቆዳዬን የሚነካ አንድ ስለት ብቻ እንዲሆን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ አገጬን ቆረጠኝ፤ ጥፋቱ የእጄ ነበር። መላጫው ከቆዳው ጋር ሠላሳ ዲግሪ ያህል ማዕዘን መሥራት አለበት፤ ይህን የማገኘው የመላጫውን አናት ጉንጬ ላይ አስተኝቼ፣ እጀታውን ወደ ፊት አቅንቼ ከያዝኩ በኋላ፣ ስለቱ ጸጉር መቁረጥ ሲጀምር የሚያሰማው ቀጭን የመሸርከት ድምፅ እስኪሰማኝ ድረስ እጀታውን ቀስ በቀስ ወደ ታች በማውረድ ነው። ድምፁ ከጠፋ ማዕዘኑ ተበላሽቷል ማለት ነው።

መጫኑን መተው ግን ከማዕዘኑም በላይ አስቸገረኝ። እጄ ለዓመታት የለመደውን በምክር ብቻ የሚተው አልሆነም። በመጨረሻ የረዳኝ ዘዴ የቀኙን ጉንጬን በግራ እጄ መላጨት ነበር፤ ያልሠለጠነ እጅ ስለሚፈራ አይጫንም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያን ፍርሃት ወደ ቀኝ እጄ አሻገርኩት። አሁን እጀታውን ከጫፉ አካባቢ በጣቶቼ ብቻ እይዘዋለሁ፤ ወደ ቆዳዬ የሚያቀርበው የራሱ የብረቱ ክብደት ነው። ምቱም ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

መጫን የሚመጣው ከዶለዶመ ምላጭም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የምላጭ ብረት ከጸጉር ሃምሳ ጊዜ ያህል የሚጠነክር ቢሆንም ጸጉሩ በሚቆረጥበት ጊዜ ሲታጠፍ የብረቱ አሠራር ወጥ ካልሆነበት ቦታ የስለቱን ጠርዝ ሊሸርፈው እንደሚችል አሳይተዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ገና አዲስ ነው» እያልኩ ምላጭ ማስረጀት ትቻለሁ። የቆዳ ሐኪሞች ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከተላጩበት በኋላ እንዲጣል ይመክራሉ፤ የእኔ ጢም ሻካራ ስለሆነ በአምስተኛው ጊዜ እጥለዋለሁ። ለሌላ ሰው ማዋስ ደግሞ በፍጹም የለም፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በደም ንክኪ ይተላለፋሉ።

አካሄዴ አሁን እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዙር ፊቴን በሙሉ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ እላጫለሁ፤ ከዚያ እንደገና አረፋ እቀባና ጉንጬንና አገጬን አግድም እደግመዋለሁ። አንገቴን የምደግመው በዚያው በጸጉሩ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በተቃራኒው በጭራሽ አልሄድበትም፤ ቆዳውንም አልወጥረውም። ስለዚህ አንገቴ በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ ይሻክራል። ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ የቆመ ሰው ግን ልዩነቱን አያየውም፤ እኔ ለአሥር ዓመት የደማሁት ከራሴ ጣት በቀር ማንም ለማያውቀው ልስላሴ ነበር። ስጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃልቄ በፎጣ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ፤ አልኮል ያለበትን ሽቶ ትቼ ሽታ የሌለው ቅባት እቀባለሁ። የምላጨውም ቀን ዘልዬ ነው።

አልፎ አልፎ አንድ ጸጉር ታጥፎ ሲገባ በአልኮል በጸዳ መርፌ ጫፉን ብቻ ቀና አደርገዋለሁ እንጂ በወረንጦ አልነቅለውም፤ የተነቀለ ጸጉር እንደገና ሲበቅል ቆዳውን ከውስጥ ሊወጋው ይችላልና። ከግራ መንጋጋዬ ሥር ያለችዋን አዙሪት ግን እስካሁን አላሸነፍኳትም። ከሦስት አቅጣጫ ሞክሬያታለሁ፤ በየትኛውም በኩል ብመጣ ግማሹ ጸጉር ተቃራኒ ሆኖ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ምላጩ እዚያ ሲደርስ አነሣዋለሁ፤ እሷን በማሽን ብቻ አሳጥሬ አልፋታለሁ።