ጽጌረዳዎቼ ሊተኙ ነው

ዛሬ ጠዋት መቀሴን ይዤ ወጣሁና ምንም ሳልቆርጥ ተመለስኩ።

ቀዩ ጽጌረዳ ላይ አራት የጠወለጉ አበቦች ነበሩ። በሞቃቱ ወራት ቢሆን ወዲያው ነበር የምቀነጥሳቸው፤ የጠወለገው ሲነሳለት ተክሉ ሌላ እንቡጥ ያወጣላ። አሁን ግን ብርዱ እየመጣ ነው። ሌሊቱ ረዝሟል፣ የማለዳው ጤዛ ጣት ያደነዝዛል። ስለዚህ አበባው እዚያው ደርቆ ፍሬ እንዲይዝ ተውኩት። ፍሬ የያዘ ጽጌረዳ አዲስ ቀንበጥ ለማውጣት አይጣደፍም። ቀስ እያለ ወደ እንቅልፉ ይገባል። እኛም በዚህ ወቅት የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ እንዲተኛ።

ይህን የተማርኩት አንድ ጽጌረዳ ከሞተብኝ በኋላ ነው። ቢጫ አበባ ነበረው፣ ሦስት ዓመት አሳድጌዋለሁ። ብርዱ ሊገባ ሲል "እስኪ ላጠንክረው" ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩለት፣ በዚያ ላይ አሳጥሬ ከረከምኩት። ብዙም ሳይቆይ ቀላ ያሉ ለጋ ቀንበጦች በየአንጓው ፈነዱ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ የመጀመሪያው ውርጭ መጣ። ጠዋት ስወጣ ቀንበጦቹ የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ይመስሉ ነበር፤ ጠቁረዋል፣ ልፍስፍስ ብለው ተንጠልጥለዋል፣ በጣቴ ስነካቸው ቆዳቸው ይላጣል። ጉዳቱ እዚያም አላቆመም፣ ከቀንበጡ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ግንዱ ወረደ። ብርዱ አልፎ ሲሞቅ ከአፈሩ ብቅ ያለው ቢጫው የተጣበቀበት የዱር ጽጌረዳ ሥር ቀንበጥ ብቻ ነበር። ቢጫው አለቀ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለጋ ቀንበጥ ውሃ የበዛበት ነው፣ ውሃው በረዶ ሲሆን ውስጡን ይጎዳዋል። የበሰለው ቅርንጫፍ ግን ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ እየበረታ ሲሄድ ይጠነክራል፣ ጊዜ ካገኘ ማለት ነው። ጊዜውን የሚነጥቀው ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ነው። እኔ አሁን የመጀመሪያው ውርጭ ይመጣል ብዬ ከምገምተው ቀን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብዬ ማዳበሪያ አቆማለሁ። "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር የለም፣ አቆማለሁ።

ውሃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ብርድ ሲመጣ ውሃውንም አብሮ ይረሳዋል። ዝናብ ከጠፋ አፈሩ ከመቀዝቀዙና ከመድረቁ በፊት ሥሩ ድረስ እንዲሰርግ አድርጋችሁ አጠጡ። ደረቅ ነፋስ ከቅርንጫፉ እርጥበት ይወስዳል፣ አፈሩ ከበረደ ደግሞ ሥሩ የሄደውን መተካት ያቅተዋል። ብርድ ገደለው የምንለው ተክል አንዳንዴ የሞተው በጥማት ነው። የምታጠጡት ታዲያ ጠዋት፣ ከሥሩ ይሁን፤ ቅጠሉን አታርጥቡት።

አሁን ደግሞ በጣም ወደምጠላው ሥራ ልምጣ፤ ቅጠል መልቀም። ቅጠሉ ላይ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰ ጥቁር ነጥብ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። ፈንገስ ነው። የረገፈው ቅጠል ላይና ቅርንጫፉ ላይ ብርዱን ያሳልፋል፣ ሲሞቅ የዝናብ ጠብታ እያፈናጠረ ወደ አዲሱ ቅጠል ይመልሰዋል። ስለዚህ ወገብ ቢያምም ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ዛፉ ላይ የቀረውንም የታመመ ቅጠል አንሱት። ኮምፖስት ውስጥ ግን አትጨምሩት፣ የቤት ኮምፖስት ብዙ ጊዜ ፈንገሱን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። እኔ በከረጢት አስሬ ነው የምጥለው።

መቀሱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። የሞተ፣ የታመመና የተሰበረ ቅርንጫፍ በማንኛውም ጊዜ ይቆረጣል፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ ምላጩን በአልኮል ጥረጉት። በጣም የረዘሙትን ደግሞ ትንሽ አሳጥራቸዋለሁ፣ ነፋስ እንዳይጫወትባቸው። ነፋስ ረጅም ቅርንጫፍ ይዞ ሲያወዛውዝ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ውሃው በረዶ ይሆናል። ይህን ለማየት ጎንበስ ብላችሁ የግንዱን ሥር ዳሱት፤ ክፍተት ካለ አፈሩን በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት። ግድግዳና አጥር ላይ የሚወጡትን ተንጠላጣይ ጽጌረዳዎች ግን አላሳጥርም፣ በለስላሳ ገመድ አስራቸዋለሁ። ዋናው ክርከማ ብርዱ እስኪያልፍ ይቆይ።

አፈር ማስታቀፉስ? ብርድ በሚበረታበት ቦታ ላለ ሰው ይህ ዋናው ነገር ነው። አብዛኛው የገበያ ጽጌረዳ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደገ ነው፤ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት አካባቢ እብጥ ያለ ቦታ ታያላችሁ። እሱ ከሞተ የምትወዱት አበባ ጠፋ፣ የኔ ቢጫም የሄደው እንዲያ ነው። ስለዚህ ኮምፖስት ወይም አፈር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ዙሪያውን ቁልል ማድረግ ነው። አፈሩን ከሌላ ቦታ አምጡ፣ ከዚያው ከተክሉ ሥር እየጫራችሁ አታንሱ፤ ስስ ሥሮቹ ላይ ላዩን ናቸው፣ ታራቁቷቸዋላችሁ።

ደግሞ አትቸኩሉ። ቁልሉ ተክሉን ለማሞቅ አይደለም፣ አንዴ ከቀዘቀዘ እንደቀዘቀዘ እንዲቆይ ነው። ቀን ሞቆ ሌሊት መብረዱ፣ መቅለጡና መርጋቱ ነው የሚጎዳው። ጥቂት ጠንካራ ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው እኔ የማለብሰው። በላስቲክ መጠቅለል ግን ይቅርባችሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ ውስጡ ይሞቃል፣ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ሩጎሳ የሚባለው ዝርያ ያላችሁ ደግሞ ብዙ አትጨነቁ፣ እሱ ብርድ ቻይ ነው። ውርጭ የማያውቀው ቦታ ያላችሁም ቁልሉን ተዉት፣ ጉዝጓዝ ይበቃል።

የማሰሮዎቹ ነገር ያሳስበኛል። መሬት ውስጥ ያለ ሥር አፈሩ ይሸፍነዋል፣ የማሰሮ ሥር ግን ብርድ በጎኑም ያገኘዋል። ሁለቱን ማሰሮዎቼን ግድግዳ አስጠግቼ አቀራርቤያቸዋለሁ፣ ዙሪያቸውን በጆንያ ጠቅልያለሁ። ሙቅ ክፍል ውስጥ አላስገባቸውም፤ እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

ሲሞቅ፣ አንጓዎቹ ቀላ ብለው ማበጥ ሲጀምሩ፣ ቁልሉን ቀስ በቀስ አነሳለሁ። ከዚያ ቅርንጫፉን በጥፍሬ ጫር አደርገዋለሁ። ከሥር አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። የቆረጥኩበትን መሐሉን አያለሁ፤ ቡናማ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ብዬ እንደገና እቆርጣለሁ፣ ነጭ እስኪሆን ድረስ።