ከቀኑ 7፡30፣ ቀፊራ

ፕሮግራሙን የሠራሁት አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ነው። የጉዞ አስተባባሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ 12 ሠራተኞችን ድሬ ዳዋና ሐረር እንዳስጎበኝ ተላክሁ። ጠዋት ከዚራ የሚባለው የድሬ ዳዋ ሰፈር፣ ከዚያ ምሳ፣ 7፡30 መጋላ ሰፈርና ቀፊራ ገበያ፣ 10፡00 ወደ ሐረር። ወረቀት ላይ ሲያምር!

ጠዋቱ ሰመረልኝ። ከዚራ ቢያስጎበኙትም ባያስጎበኙትም ራሱ ይናገራል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው ከተማው የተቆረቆረው። ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከባድ ሆነና ሜዳው ላይ ቀረ። ከለገሃሩ ፊት ቀጥ ያሉ መንገዶች ወጡ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ተተከለ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ፣ ህንዱ፣ ዓረቡ ባቡሩን ተከትሎ መጣ። እንግዶቼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ኋላ እንደገባኝ ጥላው ነው የተመቻቸው።

ምሳ ላይ ሾፌራችን ወረቀቱን አነበበ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ነው።

«ልጄ፣ በ7፡30 ቀፊራ ማንን ልታይ ነው?»

«ገበያውን ነዋ ጋሼ።»

ፈገግ አለ። «እሺ አቦ።»

እኔ ደግሞ በሆዴ «የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓቱ እንዳይነካበት ነው» አልኩ። ትዝ ሲለኝ አሁንም አፍራለሁ።

የደቻቱን ድልድይ ተሻገርን። ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው የወሰደው ይሄ ነው ስላቸው፣ አንዷ «ይሄ?» ብላ አሸዋውን ደግማ አየችው። ከማዶ መጋላ ነው። በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው፣ በሐረሪ ደግሞ ገበያ። ስሙ እንኳ የማን እንደሆነ አይለይም። መንገዱም እንደ ከዚራ ቀጥ አይልም፤ ይጠመዘዛል።

ይህን ሁሉ የምናገረው ግን ለባዶ ሰፈር ነበር። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ቀፊራ ስንደርስ መደቦቹ ሸራ ለብሰዋል። ሙቀቱ ከመሬት ነው የሚነሳው፤ ጫማ ያልፋል። አንድ መዝጊያ እስከ ጉልበት ድረስ ወርዶ ከሥሩ ሁለት ባዶ እግሮች ይታያሉ፤ ባለሱቁ ተኝቷል። የቲማቲም ክምር እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ባለቤቲቱ አጠገቡ አንድ እጇን ሚዛኑ ላይ ጥላ ተኝታለች። ከእንግዶቼ አንዷ ስልኳን አውጥታ ልታነሳት ስትል ሴትዮዋ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ዋርያ!» አለች በሶማሊኛ፣ ወደ እኔ። ዝም አልኩ። «ማል ፌታ?» አለች በኦሮምኛ። አሁንም ዝም። «ኧረ ምን ጠፋብህ አቦ?» አለች በመጨረሻ። በሦስት ቋንቋ ተሰደብኩ ማለት ነው። ስለ ሰፈሩ ስብጥር ጠዋት ሙሉ ካወራሁት ይልቅ ለእንግዶቼ የገባቸው ይሄኛው ነው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ገበያ ልናይ...»

«ገበያ በፀሐይ ይታያል እንዴ? ሂዱና አረፍ በሉ፤ ወደ 10 ሰዓት ኑ።»

ሾፌሩ መኪናውን ጥላ ስር አቁሞ ይጠብቀናል። «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። የሚያውቀው ሻሂ ቤት ወሰደን፣ በረንዳ ላይ ዘረገፈን። ከወንዶቹ ሁለቱ እዚያው አንኮራፉ።

10፡30 ላይ ስንመለስ ሌላ ከተማ ነበር። ቅስቶቹ ሥር መተላለፊያ የለም። ባለ ጨርቁ በሶማሊኛ ጠርቶ በአማርኛ ይከራከራል፣ የገጠር ሴቶች በኦሮምኛ ይመልሱለታል፣ ሙሸበክ የሚሉት ጣፋጭ እየተጠበሰ ነው። የቲማቲሟ ሴትዮ ሻሿን አስተካክላ ያችን ልጅ ከሩቅ ጠራቻት። «ነይ፣ አሁን አንሺኝ!» ፎቶው ነፃ አልነበረም፤ ማንም ያልፈለገው ሦስት ኪሎ ቲማቲም አውቶቡስ ውስጥ ገባ።

ሐረር የገባነው በጨለማ ነው። የጀጎሉ የማታ ጉብኝት ተሰረዘ፣ ከእንግዶቹ ሁለቱ አጉረመረሙ፣ እኔም ቢሮ ስመለስ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ጥፋቱን በሙቀቱ ላይ ላሳብብ ከጅሎኝ ነበር፣ ተውኩት። ሾፌሩ ምሳ ላይ ያለኝንም አብሬ ጻፍኩት።

ለሚቀጥለው ቡድን አዲስ ፕሮግራም አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ለሾፌሩ በስልክ አነበብኩለት፣ ከዚያ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ከ6፡30 እስከ 10፡00 ያለው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄ ባዶ ቦታ ምንድን ነው?»

«ድሬ ተኝታለች» አልኩት።