ወደ ርካሹ የሞባይል ጥቅል ልዛወር ወይስ ባለሁበት ልቆይ?

ላለፉት ስምንት ዓመታት የስልክ ክፍያዬን በየወሩ ለአንድ ድርጅት ስከፍል ኖሬያለሁ፤ የምከፍለው ገንዘብ ከማገኘው አገልግሎት ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አስልቼ አላውቅም ነበር። ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ ወንድሜ ነው። በዝቅተኛ ዋጋው ወደሚታወቅ አንድ አነስተኛ ኩባንያ ከተዛወረ ወዲህ የሚከፍለው የእኔን ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ነገረኝና «ኔትወርኩ ያው ነው፤ የተለየው ስሙ ብቻ ነው» አለኝ። ይህ እውነት ከሆነ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ለስም ስከፍል ኖሬያለሁ ማለት ነው፤ እውነት ካልሆነ ደግሞ ወንድሜ ያላስተዋለው ጉድለት አለ። ሁለት ወር ያህል ጊዜ ወስጄ ጉዳዩን መረመርኩት።

መጀመሪያ ላውቀው የፈለግሁት ርካሹ ድርጅት ርካሽ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት ነበር። ከእነዚህ ኩባንያዎች አብዛኞቹ የራሳቸው ማማና አንቴና የላቸውም፤ ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች በዘረጉት ኔትወርክ የመጠቀም መብት በጅምላ ይገዙና በራሳቸው ስም ለእኛ ይቸረችሩታል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪታንያ ሥራ የጀመረው ቨርጂን ሞባይል አንድም ማማ ሳይተክል በሌላ ኦፕሬተር ኔትወርክ ላይ ደንበኞቹን ማስተናገድ ችሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ይኸው አሠራር በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ማማ የመትከል፣ የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ የመግዛትና መሣሪያ የመጠገን ወጪ የሌለበት ድርጅት፣ ሱቅ ካልከፈተና ሠራተኛ ካላበዛ፣ ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ ሊያስጠረጥረው አይገባም።

ስለዚህ የወንድሜ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ስልኩ የሚገናኘው ከዚያው ማማ ጋር ነው፤ ማማው ግን ሁሉንም ደንበኛ እኩል ላያስተናግድ ይችላል። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ ማለትም በኤልቲኢ፣ እያንዳንዱ የዳታ ፍሰት የአገልግሎት ደረጃውን የሚያመለክት ቁጥር ይሰጠዋል። በዚህ አሠራር 1 ቁጥር ለድምፅ ጥሪ የተመደበ ሲሆን፣ ተራው የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው ከ6 እስከ 9 ካሉት ደረጃዎች በአንዱ ይስተናገዳል፤ ከእነዚህም ቁጥሩ ያነሰው ቅድሚያ ያገኛል። ኦፕሬተሩ የራሱን ደንበኞች በ8፣ በጅምላ የሸጠላቸውን ድርጅቶች ደንበኞች ደግሞ በ9 ለማስተናገድ ሊወስን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ማስታወቂያው ላይ አታገኙትም። ማማው ባልተጨናነቀበት ሰዓት ሁለቱ ደንበኞች ልዩነት አይታያቸውም። ሁሉም ሰው ስልኩን በሚከፍትበት ሰዓት ግን ማማው ያለውን አቅም በቅድሚያ ለባለ ከፍተኛ ደረጃዎቹ ይሰጥና የቀረውን ለሌሎቹ ያዳርሳል። አንዱ በጠዋት ሞክሮ «ግሩም ነው»፣ ሌላው በምሽት ሞክሮ «አይረባም» የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሁለቱም የተናገሩት ያዩትን ነው።

ከዚህ የተለየ፣ ብዙ ሰው ግን ከዚሁ ጋር የሚያደባልቀው ሌላ ገደብ አለ። በአንዳንድ ጥቅሎች ዳታው ሲያልቅ አገልግሎቱ ከሚቋረጥ ይልቅ ፍጥነቱ እጅግ ዝቅ ይላል። «ያልተገደበ» የሚባለው ጥቅልም ብዙውን ጊዜ በውሉ ውስጥ ይህን ዓይነት አንቀጽ ይዟል። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 128 ኪሎቢት የሚወርድ ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ አስልቼዋለሁ። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 1 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ፎቶግራፍ ለመክፈት ከአንድ ደቂቃ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። የጽሑፍ መልእክት ያልፋል፤ በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ጥሪም ብዙ ዳታ ስለማይፈልግ ሊሠራ ይችላል፤ ካርታ ከፍቶ መንገድ መፈለግ ግን ትዕግሥት የሚያስጨርስ ነው። ስለዚህ «ዳታው ካለቀ በኋላ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ጊጋባይት አለው?» ከሚለው ያላነሰ ክብደት አለው።

ቀጥሎ የመረመርኩት ራሴን ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝም ይኸኛው ነው። በስልኬ ማስተካከያ ውስጥ የሞባይል ዳታ አጠቃቀሜን የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ የሦስት ወሩን ተመለከትኩ። የምከፍለው ለ30 ጊጋባይት ነበር፤ ከሦስቱ ወራት ከፍተኛ ፍጆታ በነበረው ወር የተጠቀምኩት ግን 6 ጊጋባይት እንኳ አልሞላም። ቤትም ሥራ ቦታም ዋይፋይ ስላለኝ ከሁለቱ ውጭ የምጠቀመው መልእክት ለመላክ፣ ለካርታና አልፎ አልፎ ዜና ለማንበብ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ የሌለ ሰው ስሌቱ ይለወጥበታል። በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት ትንሽ በለጥ ያለ ዳታ ይጨርሳል፤ ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ በቀን አንድ ሰዓት ቪዲዮ የሚያይ ሰው በወር ከ20 ጊጋባይት በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በስልኩ ሆትስፖት ላፕቶፕ የሚያገናኝ ሰው ደግሞ ውሉን ይበልጥ ተጠንቅቆ ማንበብ ይኖርበታል፤ ከርካሾቹ ጥቅሎች አንዳንዶቹ ሆትስፖትን ጨርሶ ይከለክላሉ ወይም ለብቻው ይገድቡታል።

ስልኩ ራሱ ለአዲሱ ኔትወርክ ይስማማል ወይ የሚለውንም ማጣራት ነበረብኝ። በክፍያ ውል የተገዛ ስልክ ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። *#06# ሲደወል የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የመሣሪያ ቁጥር በአዲሱ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ ተቀባይነት እንዳለው አረጋገጥኩ። ስልኩ የትኞቹን የፍሪኩዌንሲ ባንዶች እንደሚቀበል ማየትም ይገባል፤ እንደ 700 እና 800 ሜጋኸርትዝ ያሉት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ርቀው ይደርሳሉ፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋሉ፤ እንደ 1800 እና 2600 ያሉት ደግሞ ብዙ ዳታ ቢሸከሙም ሽፋናቸው ያጥራል። ዝቅተኛዎቹን የማይቀበል ስልክ ከቤት ውጭ በደንብ ሠርቶ ቤት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉ በላይ አሳሳቢው ግን የድምፅ ጥሪው ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ኔትወርኮች በብዙ አገሮች እየተዘጉ በመሆናቸው ጥሪ ቮልቲኢ በሚባለው አሠራር በኤልቲኢ ላይ መሄድ አለበት፤ አዲሱ ድርጅት የስልኩን ሞዴል ለቮልቲኢ ካልፈቀደ ኢንተርኔት እየሠራ መደወል የማይቻልበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ቁጥሬን ወዲያው ማዛወር አልደፈርኩም። ስልኬ ባለሁለት ሲም ስለሆነ ከአዲሱ ድርጅት የአንድ ወር ጥቅል በኢሲም (በስልኩ ውስጥ በተገጠመና ካርድ በማያስፈልገው ሲም) ገዛሁና የድምፅ ጥሪዬን በነባሩ፣ ዳታዬን በአዲሱ ላይ አደረግሁ። ጠዋት ላይ ስለካው ፍጥነቱ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ገደማ ነበር፤ ከነባሩ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ምሽት ላይ ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ስለካው ግን ነባሩ ወደ 15 ሲወርድ አዲሱ 3 ላይ ቆመ። በ3 ሜጋቢት መልእክትም ካርታም ይሠራሉ፤ የምስል ጥሪ ግን ይቆራረጣል። ይህን ልዩነት በዓይኔ ማየቴ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ረድቶኛል፤ ሊዛወር ለሚያስብ ሁሉ ያለማመንታት የምመክረውም ይህንኑ ሙከራ ነው፤ ኔትወርክ የሚለካው እኛ በምንውልበት ቦታና በምንጠቀምበት ሰዓት ነውና።

በሙከራው ወር አንድ ያስከፋኝ ነገርም ገጠመኝ። ጥቅሉን በገዛሁ በሦስተኛው ቀን ዳታው ያለ ምክንያት ተቋረጠ። ድርጅቱ የሚደወልበት ስልክም የሚኬድበት ቢሮም ስለሌለው ጥያቄዬን በጽሑፍ ላክሁ፤ መልስ ያገኘሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የተበላሸው የስልኩ አንድ ማስተካከያ ብቻ ነበር፤ ሰው ቢያናግረኝ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ነባሩ ሲም ባይኖረኝ ኖሮ እነዚያን ሁለት ቀናት ከቤት ስወጣ ያለ ኢንተርኔት አሳልፋቸው ነበር። በርካሽ ዋጋው ውስጥ የተቀነሰው አንዱ ነገር ይህ መሆኑን ተረድቼዋለሁ፤ ተረድቼውም ቢሆን ቅሬታዬ ቅሬታ ነው፤ ገንዘብ የተቀበለ ድርጅት ደንበኛውን ሁለት ቀን ማስጠበቅ የለበትም።

ወደ ዋጋው ስመለስ፣ በማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ውሉን እስከ መጨረሻው ካነበብኩ በኋላ ነው። አሁን የምከፍለውን 100 ብንለው፣ አዲሱ በመግቢያው 40፣ ከሦስት ወር በኋላ 55 ይሆናል። ሁለት ዓመት ብቆይ ነባሩ 2400፣ አዲሱ 1275 ይመጣል፤ መግቢያው ዋጋ ሳይለወጥ ቢቀጥል ግን 960 ይሆን ነበር። የመጀመሪያውን ወር ብቻ ያየ ሰው ቁጠባውን ከእውነተኛው አብልጦ ይገምታል ማለት ነው። ከዚያም ለነባሩ ድርጅት ደወልኩና «ከምጠቀመው ዳታ ጋር የሚመጣጠን አነስተኛ ጥቅል አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ነበራቸው፤ ዋጋውም 70 ያህል ነው፤ በሁለት ዓመት 1680። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ባለመጠየቄ ያጣሁት ገንዘብ ያስቆጨኛል። ጥያቄዬም በዚህ መልኩ ጠበበ፦ በሁለት ዓመት ለምቆጥበው 405 ብዬ የምሽቱን ዝግመትና የደንበኛ አገልግሎቱን ድክመት ልቀበል ወይ?

ለራሴ ስወስን መልሴ «አዎ» ሆነ። ምሽት ላይ ቤት ነኝ፤ ዋይፋይ አለኝ፤ የስልክ ማስተካከያም ራሴ እነካካለሁ። የእናቴ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የእርሷንም ቁጥር አብሬ ላዛውር አስቤ ነበር። ስልኳ ቆየት ያለ በመሆኑ በአዲሱ ድርጅት የቮልቲኢ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ዳታ የምትጠቀመውም እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ የሚተርፋት ገንዘብ ትንሽ ነው። ነገሩን ሳማክራት «እኔ ስልኬ ሲበላሽ ሄጄ የማናግረው ሰው ይኑረኝ እንጂ ሌላውስ ይቅር» አለችኝ። ለእርሷ ያ ሰው ከዋጋው ልዩነት ይበልጥባታል፤ ስለዚህ እርሷን በነባሩ ድርጅት ወደ ትንሹ ጥቅል አወረድኳት።

የሚቀረው ቁጥሩን የማዛወሩ ሥራ ነበር፤ እኔን በጣም ያስፈራኝም ይህ ነው። ቁጥር ይዞ መዛወር እ.ኤ.አ. በ1997 በሲንጋፖር ከተጀመረ ወዲህ በብዙ አገሮች የደንበኛ መብት ሆኗል፤ ሆኖም በቅደም ተከተሉ ላይ የሚፈጸም ስህተት ቁጥርን ሊያሳጣ ይችላል። ዋናው ስህተት አስቀድሞ ነባሩን መስመር ማዘጋት ነው፤ የተዘጋ ቁጥር በአብዛኛው አይዛወርምና። ነባሩ መስመር ክፍት ሆኖ፣ የማዛወሪያው ኮድ ከነባሩ ድርጅት ተወስዶ፣ ጥያቄው በአዲሱ በኩል መቅረብ አለበት፤ ዝውውሩ ሲጠናቀቅ ነባሩ ራሱ ይዘጋል። በመካከሉ ባሉት ሰዓታት አጭር መልእክት ሊጠፋ ስለሚችል፣ የባንኬንና የኢሜይሌን ማረጋገጫ አስቀድሜ በስልኩ ላይ ኮድ ወደሚያወጣ መተግበሪያ ቀየርኩት። አንዳንድ አነስተኛ ኩባንያዎች ከአጭር ቁጥሮች የሚላኩ መልእክቶችን በትክክል እንደማያደርሱ ስለማውቅም፣ በሙከራው ወር ባንኬ በአዲሱ ቁጥር ላይ አንድ ኮድ እንዲልክልኝ አድርጌ ደርሶኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ጥያቄውን አስገባሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነባሩ ሲም አገልግሎት ማሳየት አቆመ፣ አዲሱም በቁጥሬ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው። ድምፄ ጠርቶ እንደሚሰማት ጠየቅኋትና «ይሰማል» ስትለኝ፣ የመግቢያው ዋጋ የሚያበቃበትን ቀን በስልኬ ቀን መቁጠሪያ ላይ መዘገብኩ።