የለምለሜ ሦስተኛ ንድፍ

ባለፈው ያሳየኋችሁን ባለጸጉሯን ለምለሜ ትቻታለሁ። ለአዲሶቻችሁ ላስታውስ፦ ለምለሜ እኔ የፈጠርኳት እንስሳ ናት። ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ትኖራለች፣ ፍሬ ትበላለች፣ በቆዳዋ ደግሞ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግብ ትሠራለች።

መጀመሪያ ብርዱን ትቋቋም ብዬ ወፍራም ጸጉር አለበስኳት። ጸጉሩ ብርሃኑን ጋረደው። ብርሃን የማያገኝ ቆዳ አረንጓዴ ቢሆን ምን ይረባል? በሁለተኛው ንድፍ ጸጉሩን አነሳሁት። አሁን ደግሞ ውሃው ሙቀቷን ወሰደው። ውሃ ሙቀት በማስተላለፍ አየርን ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። እዚህ ላይ ብዙ ቀን ተቸገርኩ።

መላው የተገኘው ይሙቃት ማለቴን ስተው ነው። ለምለሜ አሁን እንደ እንቁራሪት ናት፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ አብራ ትቀዘቅዛለች። እንዲህ ዓይነት እንስሳ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ፣ የሚፈጀው ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ወይም ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ከቆዳ ላይ የሚገኝ የፀሐይ ምግብ ትንሽ ነው፤ ለሚሮጥ እንስሳ ጠብ አይልም። ድንጋይ ላይ ተለጥፋ ለምትውል ግን ቁም ነገር አለው። ብርዱን እንደ ጠላት ስቆጥረው ነበር፣ ለካ የሚያኖራት እሱ ነው! በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ይበዛዋል፦ በ0 ዲግሪ በሊትር 14.6 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ 9 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በቆዳዋ ትተነፍሳለች። ለዚህ የሳሳው ቆዳ ብርሃንም ያሳልፋል።

አረንጓዴውን ከባለ ነጠብጣቡ የሰሜን አሜሪካ ሰላማንደር ተማርኩ፤ ሰላማንደር እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ ነው። በእንቁላሉ ውስጥ አልጌ፣ ማለትም እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግብ የሚሠራ በጣም ትንሽ አረንጓዴ የውሃ ሕይወት፣ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አልጌው ፅንሱ ሴሎች ውስጥ ጭምር እንደሚገባ አሳይቷል። የለምለሜ ልጆችም አልጌውን ከእንቁላሉ ይዘው ይወጣሉ።

በጣም የወደድኩት ግን የፍሬውን ክፍል ነው። በመከር ከወንዝ ዳር ቁጥቋጦ የሚረግፈውን ፍሬ እየለቀመች ትሰባለች። ወንዙ በበረዶ ሲሸፈን ብርሃኑ ይጠፋል፤ ያኔ በስቧ ትከርማለች። ወንዝ ዘሩን ሁሉ ወደ ታች ነው የሚወስደው። እሷ ግን እንቁላል ልትጥል ወደ ላይ ስትዋኝ ዘሩን በሆዷ ይዛ ትወጣለች። አማዞን ውስጥ ታምባኪ የሚባለው ዓሣ በጎርፍ የተዋጠ ጫካ ውስጥ ፍሬ በልቶ ዘር ይበትናል፤ ሐሳቡን ያገኘሁት ከእሱ ነው።

የቀረኝ እግሯ ነው። በጣቶቿ መካከል የሳልኩት ቆዳ ለዋና ይመቻል፣ ድንጋይ ላይ ግን አያስይዛትም። የሚቀጥለውን ሥዕል የምጀምረው ከዚያው ነው።