«ተገራልን!»

ተሳቢ እንስሳት ክፍል በተቀጠርኩ ሰሞን የአዞ ወሬ አይጠገብልኝም ነበር። «ይሄ የአዞ ግልገል ነው?» ያለኝን ጎብኚ ሁሉ ይዤ አቆመዋለሁ። ይሄ ካይማን ነው፣ አዞ መሰሉ የአሊጌተር የቅርብ ዘመድ እለዋለሁ፤ አፉን ሲገጥም አራተኛው የታች ጥርሱ እንደ አዞ ወደ ውጭ አይታይም፣ የላይኛው መንጋጋ ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ይሸሸጋል። ለእነዚህ ፍጥረቶች ከእንሽላሊት ይልቅ ወፍ እንደሚቀርባቸው ስናገርማ የፈጠርኳቸው እኔ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ገንዳው ሊታጠብ ስለነበር ባለ መነጽሩን ካይማን ወደ ሌላ በረት ማዛወር ነበረብን። መነጽር ያሰኘችው በዓይኖቹ መካከል የተጋደመችው የአጥንት ጉብታ ናት። ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ወንድ ነው። ኃላፊያችን እስኪመጡ መጠበቅ ሲገባን እኔና ባልደረባዬ ጀመርን።

ሸምቀቆው አንገቱ ላይ እንደገባ ካይማኑ እንደ እንዝርት ይሾር ገባ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በዱር ሥጋ የሚገነጥልበትን መሾር በገመድ ጫፍ ላይ ይዤዋለኋ! አፉን ቶሎ በፕላስተር መጠቅለል እንችል ነበር፤ የመንጋጋው መዝጊያ ጡንቻ አጥንት ቢያደቅም መክፈቻው ደካማ ስለሆነ ጥቂት ዙር ይበቃዋል። እኔ ግን ገመዱን ላላ፣ ጠበቅ፣ ደግሞ ላላ እያደረግሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አታገልኩት።

ከዚያ ዝም አለ። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ተዘረጋ፤ አፉን ስንጠቀልል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ተገራልን!» አልኩ። አዲሱ በረት ውስጥ ወዳለው ገንዳ ልንገፋው ስንል ኃላፊው ከበሩ ጮኹ።

«አንተ ልጅ፣ ተው! ውሃ ውስጥ ብትከተው ይሰምጥብሃል።»

አዞ ይሰምጣል? የቀለዱ መሰለኝ። አጠገቡ ተንበርክከው እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ እየጣሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። የእነዚህ እንስሳት ጡንቻ ለአጭር ፍልሚያ የተሠራ ነው። ለዚያች ቅጽበት ከኦክስጅን ውጭ ይሠራል፣ ኃይሉም አስፈሪ ነው፤ ዕዳው ግን ላክቲክ አሲድ ሆኖ ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ትግሉ ከረዘመ ደሙ ይመርዘዋል። ያን አሲድ ለማጽዳት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከተያዙ በኋላ፣ ሁሉም ነገር አልፏል በተባለበት ሰዓት የሚሞቱበት ጊዜ አለ። እንዲህ የዛለ እንስሳ አፍንጫውን ከውሃ በላይ ማንሳት ያቅተዋል።

«ገር ሆኖልህ አይደለም» አሉኝ፣ «አልቆበት ነው።»

ቀኑን ሙሉ ትንፋሹን እየቆጠርኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም የኔም ትንፋሽ ይያዛል። መንጋጋው ዙሪያ የተበተኑትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ያን ያህል በቅርበት አይቼ አላውቅም። እያንዳንዷ ጨለማ ውስጥ የውሃን ቅንጣት ሞገድ የምታነብ የስሜት ሕዋስ ናት። አዞ መላ አካሉ ላይ አለው፣ ካይማን ግን ጭንቅላቱ ላይ ብቻ። ይህንን ለስንቱ ጎብኚ ተርኬዋለሁ! ሸምቀቆዬ የተጎተተው እዚያው ጥግ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

አመሻሽ ላይ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ እንደ ጎማ ተነፈሰብኝ። እንደዚያ ያለ የሚጥም ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

መዝገቡ ላይ «በቀላሉ ተያዘ» ብዬ የጻፍኩትን ኃላፊው ሰርዘው «20 ደቂቃ፣ በጣም ረጅም» አሉበት። በሚቀጥለው ሳምንት ጫፉ ላይ ቀይ ኳስ ያለበት ዘንግ ሰጡኝ። ኳሱን በአፍንጫው ሲነካ ዓሣ፤ ካልነካ ምንም። ደደብ የሚሏቸው ሰዎች እንዴት በቶሎ እንደገባው ቢያዩ! የኔ እጅ ነው ትዕግሥት የጎደለው።

ገንዳው እንደገና የሚታጠብበት ቀን ሲደርስ ኳሱን ተከትሎ በራሱ እግር ማጓጓዣው ሳጥን ውስጥ ገባ። መዝገቡ ላይ «የትግል ቆይታ» የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት።