ጢስ ያለው ስም

ሄሊኮፕተሩ ፋግራዳልስፍያል በተባለው እሳተ ገሞራ ላይ ሲያዘነብል፣ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የአይስላንድ እናት እጄን ጭምቅ አደረጉኝ። በጣታቸው ያሳዩኝ ግን ቀልጦ የሚፈሰውን ዐለት አልነበረም፤ ከኮረብታው ጥግ ተደርድረው የተቀመጡ ሰዎችን ነበር። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ጃኬት፤ ጉንዳን የሚያክሉ። በእግራቸው ወጥተው፣ ከ800 ዓመት ገደማ ዝምታ በኋላ በሬይክያነስ ምድር የፈነዳውን እሳት ቁጭ ብለው ያያሉ። ምድር ስትሠራ ማየት ለካ እንዲህ ያስቀምጣል!

ጠዋት ከሃልግሪምስኪርኪያ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ የሬይኪያቪክን ባለቀለም ጣሪያዎች አይቼ ነበር። ውብ ናቸው። ማታ ዓይኔ ላይ የቀረው ግን የእነዚያ ሰዎች ረድፍ ነው።

ስንወርድ እኚህ እናት «ሬይኪያቪክ» ማለት የጢስ ወሽመጥ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም በአፋር ቋንቋ «ኤርታሌ» የሚጨስ ተራራ ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ስሙን ደጋግመው ጠሩት። «ከላዩ ቆመሽ አይተሽዋል?» አሉኝ።

አላየሁትም።