ሽፈራውና እርሳስ፦ ጎንደር ላይ በአይጥ ስሞክር የተማርኩት

እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ የእሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ማለቴ ነው። ለማስተርስ መመረቂያዬ የሽፈራው (የሞሪንጋ ዛፍ) ቅጠል ጭማቂ እርሳስ የተሰጣቸውን አይጦች ጉበት ይከላከላል ወይ ብዬ ተነሳሁ።

ቅጠሉ ከአርባ ምንጭ በጆንያ መጣልኝ። ሐምሌ ነበር። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ዘረጋሁት፣ በጥላ ይደርቃል ብዬ። በአራተኛው ቀን ሻገተ። ሙሉውን ጣልኩት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ሻጋታ ራሱ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል፤ አፍላቶክሲንን ማሰብ ነው። ሁለተኛውን ክረምቱ ካለፈ በኋላ አስመጣሁና ስስ አድርጌ ዘርግቼ በየቀኑ አገላበጥኩት። ከዚያ ፈጭቶ በ80 ፐርሰንት ሜታኖል ለ72 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ማጥለል፣ ማትነን ነው። መጨረሻ ላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር ይቀራል።

ከእርሳሱ ጋር ግን ታገልኩ። ለአይጦቹ የምሰጠውን የእርሳስ ጨው፣ ሊድ አሲቴትን፣ በቧንቧ ውሃ ስበጠብጠው ወተት መሰለ። ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት እርሳሱን ይዞት ይዘቅጣል፤ አይጧ ስንት እንደወሰደች በምን ይታወቃል? በዲስቲልድ ውሃ በጥብጡት፣ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ጨምሩበት፣ ጥርት ይላል።

ትልቁ ስህተቴ ሌላ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ጭማቂውንና እርሳሱን ጠዋት ጠዋት አከታትዬ አጠጣኋቸው። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚሉት ኢንዛይሞች፣ ኤኤልቲና ኤኤስቲ፣ ጭማቂ ያገኙት ላይ ዝቅ ብለው ሳይ በደስታ ለአማካሪዬ ሮጥኩ። «እስቲ አስበው፣ ሆዳቸው ውስጥ ተያይዘው በሰገራ ወጥተው ቢሆንስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳስ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ኢንዛይሞች ላይ ያለውን ሰልፈር ይዞ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን እንዳይመረት የሚያደርገው፣ ሴሉንም በኦክሳይድ የሚጎዳው። ቅጠሉ ይህን ጉዳት መቀነሱንና መጀመሪያውኑ እርሳሱ እንዳይገባ ማገዱን የኔ ሙከራ አይለይም ነበር። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ግን አንድ አይደሉም።

አሁን ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ጭማቂውንና እርሳሱን በማጠጣት መካከል የሰዓታት ልዩነት አለ፣ ጭማቂ ብቻ የሚወስድ ቡድን ጨምሬያለሁ፣ ደም ውስጥ ያለው እርሳስም ይለካል። የደሙ እርሳስ ካልቀነሰና ኤኤልቲ ከቀነሰ፣ ቅጠሉ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይሠራል ማለት እችላለሁ።

በዚህ መሃል አዘዞ ባትሪ የሚጠግን ጎረቤቴ ወሬውን ሰምቶ «ወንድሜ፣ ታዲያ ሽፈራው ሻይ ልጠጣ?» አለኝ። ደነገጥኩ። በአይጥ የታየ ነገር የሰው መድኃኒት አይደለም። ደሙን እንዲያስመረምር፣ የሥራ ልብሱን ቤት ይዞ እንዳይገባ፣ ልጆቹን ሳያቅፍ በፊት እንዲታጠብ ነገርኩት። ማታ ሳልፍ ቱታው ከጋራዡ በር ጀርባ ተሰቅሎ አየሁ።